እርሾ ስኳርን እንዴት ይመርጣል? ዘረመል መኖሩና ዘረመል መሥራቱ ለምን እንደሚለያዩ

ስለ እርሾ የሚወጡ ሳይንሳዊ ዜናዎች ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ ከግማሽ የሚበልጠው ዲኤንኤው በቤተ ሙከራ የተሠራ የእርሾ ዝርያ ይፋ ሆነ፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከ16ቱ ክሮሞሶሞች የመጨረሻው ተሠርቶ መጠናቀቁ ተነገረ። ከገለባ፣ ከአገዳና ከእንጨት ተረፈ ምርት የሚገኘውን ስኳር ወደ ነዳጅ አልኮል እንዲለውጡ ተብሎ ዘረመላቸው ስለተሻሻለ እርሾዎችም በየጊዜው ይነገራል።

ዜናዎቹን ተከትሎ በሚደረገው ውይይት ውስጥ በግልጽ የማይነገር አንድ ግምት አለ። እርሾ አንድን ስኳር መጠቀም ካልቻለ የሚጎድለው ዘረመል ነው፤ ዘረመሉ ከገባለት ግን ሥራው አለቀ የሚል ግምት ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም እምነት አለ፤ እርሾ «ስኳር በል» ስለሆነ የቀረበለትን ስኳር ሁሉ በአንድነትና እኩል ይበላል የሚል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። አንድ የእርሾ ሕዋስ ለሚያገኛቸው ስኳሮች የሚያስፈልጉትን ዘረመሎች ከያዘም በኋላ፣ በአብዛኛው ዕድሜው የአንዳንዶቹን ዘረመሎች ሥራ አግዶ ይኖራል። ይህን እገዳ ሳይረዱ ስለ እርሾ ምርታማነትም ሆነ ስለ ዘረመል ምሕንድስና ተስፋ በቅጡ መነጋገር አይቻልም።

ስለ የትኛው እርሾ ነው የምንነጋገረው?

በዕለት ንግግር «እርሾ» ማለት ሊጥን ወይም መጠጥን ለማብላላት የሚያገለግል ማስጀመሪያ ሁሉ ነው፤ በውስጡም ብዙ ዓይነት ባክቴሪያና ፈንገስ ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ግን ቃሉ ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የተባለውን፣ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለውን ፈንገስ ያመለክታል። ዳቦ ጋጋሪዎች፣ የወይን ጠጅና የብዙ ዓይነት ቢራ ጠማቂዎች፣ የአልኮል ነዳጅ አምራቾችም በዋናነት የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ኒውክለስ ካላቸው ፍጥረታት መካከል ሙሉ የዲኤንኤ ቅደም ተከተሉ ተነብቦ ያለቀለት የመጀመሪያው ፍጡርም እርሱ ሲሆን፣ ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። በዚያ ንባብ 12 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላትና ወደ 6,000 የሚጠጉ ዘረመሎች እንዳሉት ታወቀ።

ዘረመል ስንል ብዙውን ጊዜ አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ የዲኤንኤ ክፍል ማለታችን ነው። ፕሮቲኑ እንዲሠራ ግን ዘረመሉ መነበብ፣ ማለትም ቅጂው በአር.ኤን.ኤ. መልክ መውጣት አለበት። ከእያንዳንዱ ዘረመል አጠገብ ንባቡ መቼና ምን ያህል እንደሚካሄድ የሚወሰንበት የዲኤንኤ ክልል አለ፤ በዚህ ጽሑፍ «መነሻ ክልል» እንለዋለን። የእርሾ የስኳር ምርጫ በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ መነሻ ክልሎች ላይ በሚቀመጡና ከእነርሱ በሚነሡ ፕሮቲኖች ነው።

ሁለት ስኳር በአንድ ብልቃጥ

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ቀላል ሙከራ እንመልከት። ጥቂት ግሉኮስና ጋላክቶስ በተቀላቀሉበት ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት የእርሾ ሕዋሳት ይጨመሩና ብልቃጡ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት እየተነቀነቀ ይቆያል። መጀመሪያ ላይ ፈሳሹ የጠራ ነው። ሕዋሳቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በእጥፍ ስለሚባዙ ከሰዓታት በኋላ መደፍረስ ይጀምራል፤ የመደፍረሱን መጠን በብርሃን መለኪያ በየጊዜው የሚመዘግብ ሰውም ሽቅብ የሚወጣ መስመር ያገኛል። ከዚያ መስመሩ በድንገት ይጋደማል። ፈሳሹ ውስጥ ገና ያልተነካ ጋላክቶስ እያለ እድገቱ ቀጥ ይላል። ከቆይታ በኋላ እንደገና ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ እየተበላ ያለው ጋላክቶስ ነው።

ይህን ባለ ሁለት ደረጃ እድገት እ.ኤ.አ. በ1941 «ዳይኦክሲ» ብሎ የሰየመው ፈረንሳዊው ዣክ ሞኖ ነበር። ያጠናው በባክቴሪያ ላይ ሲሆን፣ ጥያቄው ውሎ አድሮ ከፍራንስዋ ዣኮብ ጋር ወደ ሠሩት የዘረመል ቁጥጥር ንድፈ ሐሳብና ወደ 1965ቱ የኖቤል ሽልማት አድርሶታል። በእርሾ ላይ የሚታየው ውጤት በመልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም በውስጡ ያለው አሠራር የተለየ ነው።

ግሉኮስና ጋላክቶስ በአቶሞቻቸው ብዛት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ስድስት ካርቦን አላቸው። ልዩነታቸው አራተኛው ካርቦን ላይ ያለው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያመለክት ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ግን ለሕዋሱ ብዙ ዋጋ ታስከፍላለች። ግሉኮስ በቀጥታ ወደ ዋናው የስኳር መፍጫ መስመር ይገባል። ጋላክቶስ ግን ወደ ግሉኮስ መልክ እስኪለወጥ ድረስ ተጨማሪ ኢንዛይሞች ያስፈልጉታል። ይህ የለውጥ መንገድ በአርጀንቲናዊው ሉዊስ ሌሉዋር ስም ይጠራል፤ ሌሉዋር በዚህ መስክ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1970 የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝቷል።

የጋላክቶስ ቁልፍ

የጋላክቶስ ዘረመሎች በሥነ ሕይወት ውስጥ እጅግ ከተጠኑት የቁጥጥር ሥርዓቶች አንዱ ናቸው። ጋል-2 ስኳሩን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባውን ፕሮቲን ይሠራል፤ ጋል-1፣ ጋል-7 እና ጋል-10 ደግሞ ጋላክቶስን ደረጃ በደረጃ የሚለውጡትን ኢንዛይሞች ይሠራሉ። እነዚህ ሦስቱ በሁለተኛው ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። ከእነርሱ በላይ ሦስት የቁጥጥር ፕሮቲኖች አሉ፤ አንቂው ጋል-4፣ አጋጁ ጋል-80 እና ጠቋሚው ጋል-3 ናቸው።

ጋል-4 በጋላክቶስ ዘረመሎች መነሻ ክልል ላይ ያለችን 17 ፊደል የምትረዝም የዲኤንኤ ቁራጭ ለይቶ ይጣበቃል። ትኩረት የሚሻው ነገር፣ ጋላክቶስ በሌለበት ጊዜም እንኳ ግሉኮስ እስካልበዛ ድረስ ጋል-4 ቦታውን ይዞ መገኘቱ ነው። ቦታውን ይዞም ዘረመሎቹን የማያነቃው፣ የሚሠራበትን ክፍል ጋል-80 ሸፍኖ ስለያዘበት ነው። ጋላክቶስ ወደ ሕዋሱ ሲገባ ጋል-3 ከስኳሩና ኤቲፒ ከተባለው የኃይል ተሸካሚ ጋር ይጣመርና ቅርጹን ይለውጣል፤ በዚህ ቅርጹም ጋል-80ን ይዞ ከጋል-4 ላይ ያነሣዋል። ጋል-4 ነጻ ሲሆን የንባቡን መሣሪያ ይጠራል፤ የጋል-1 ንባብም እስከ ሺህ እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ጋል-3 ጋል-80ን የሚይዘው ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ነው ወይስ ከኒውክለስ ውጭ ጠብቆ ነው የሚለው ለዓመታት ያከራከረ ጉዳይ ሲሆን፣ የሁለቱም ወገን ሙከራዎች ክብደት አላቸው።

የዚህ ሥርዓት መሠረታዊ ንድፍ የታወቀው የዲኤንኤ ንባብ ቴክኖሎጂ ከመምጣቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሃዋርድ ዳግላስና ዶናልድ ሆውቶርን ሚውቴሽን፣ ማለትም የዘረመል ለውጥ፣ የደረሰባቸውን እርሾዎች እያዳቀሉ፣ አንዱ ዘረመል ሲበላሽ ጋላክቶስ ጨርሶ እንደማይበላ፣ ሌላው ሲበላሽ ደግሞ ጋላክቶስ በሌለበትም ኢንዛይሞቹ ያለማቋረጥ እንደሚሠሩ አስተውለው አንዱ አንቂ ሌላው አጋጅ መሆኑን ደርሰውበታል። በማዳቀልና የዘሮቹን ጠባይ በመመዝገብ ብቻ እዚህ መድረሳቸው እስካሁን ድረስ የሚያስደንቅ ሥራ ነው።

የጋል-3 ታሪክም ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። ጋል-3 እና ጋል-1 እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ምክንያቱም ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የእርሾ ቅድመ አያት ሙሉ ዘረመሉ በእጥፍ ሲባዛ ከአንድ ዘረመል የወጡ መንትዮች ናቸው። ይህ እጥፍታ ባልደረሰበት ዘመዱ፣ ክሉይቬሮማይሲስ ላክቲስ በተባለው እርሾ፣ አንድ ፕሮቲን ጠቋሚነቱንም ኢንዛይምነቱንም ደርቦ ይሠራል። በእኛ እርሾ ግን ሁለቱ ቅጂዎች ሥራ ተከፋፍለው አንዱ ወደ ጠቋሚነት፣ ሌላው ወደ ኢንዛይምነት አድልቷል።

ግሉኮስ የሚጥለው እገዳ

የጋላክቶስ ቁልፍ ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ ጋላክቶስ ባለበት ሁሉ ዘረመሎቹ በተነበቡ ነበር። በብልቃጡ ውስጥ ግን ጋላክቶስ እያለ አልተነበቡም። ምክንያቱ ግሉኮስ ካለ የሌሎች ስኳሮችን ዘረመሎች የሚያግድ ሁለተኛ ሥርዓት መኖሩ ነው፤ ይህም «የግሉኮስ እገዳ» ይባላል።

የእገዳው አስፈጻሚ ሚግ-1 የተባለ ፕሮቲን ነው። ግሉኮስ ሲበዛ ሚግ-1 ኒውክለስ ውስጥ ይቀመጥና ጋል-1ን፣ ጋል-3ንና አንቂውን ጋል-4ን ጨምሮ በብዙ ዘረመሎች መነሻ ክልል ላይ ይጣበቃል፤ ሌሎች አጋጅ ፕሮቲኖችንም ወደዚያ ይጠራል። አንቂውንና ጠቋሚውን አንድ ላይ ስለሚያዳክም እገዳው ድርብ ነው። ግሉኮስ ሲያልቅ ስኒፍ-1 የተባለ ኢንዛይም ይነቃል። ስኒፍ-1 ካይኔዝ ነው፤ ካይኔዝ ማለት ፎስፌት የተባለውን ኬሚካዊ ክፍል በሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት ሚግ-1 ከኒውክለስ ይወጣል፤ ዘረመሎቹም ይፈታሉ። ግሉኮስ ተመልሶ ቢመጣ ሌላ ኢንዛይም ፎስፌቱን ያነሣና ሚግ-1 በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስኒፍ-1 ስያሜውን ያገኘው «ሱክሮስ (የገበታ ስኳር) ማብላላት የማይችል» ከሚል የእንግሊዝኛ አጠራር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ማሪያን ካርልሰንና ዴቪድ ቦትስታይን ከባልደረባቸው ጋር ሱክሮስ መጠቀም ያቃታቸውን እርሾዎች ሲያጠኑ ያገኙት ነው። እዚህ ላይ የጽሑፉ ዋና ነጥብ ጎልቶ ይታያል። እነዚያ እርሾዎች ሱክሮስ የሚሰብረው ኢንዛይም ዘረመል አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ዘረመሉ የታገደበትን ሁኔታ የሚፈታው ነበር። ከውጭ ለሚያያቸው ሰው ግን «ዘረመሉ የሌላቸው» ይመስላሉ።

እገዳው በንባብ ላይ ብቻ አይወሰንም። ጋላክቶስ እየበላ ላለ እርሾ በድንገት ግሉኮስ ቢጨመርለት፣ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው የጋላክቶስ አስገቢ ፕሮቲን ወደ ውስጥ ተጎትቶ እንዲፈርስ ይደረጋል። ማልቶስ የተባለውን ሌላ ስኳር የሚያስገባው ፕሮቲንም ተመሳሳይ ዕጣ ይደርስበታል። የለውጡን ስፋት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ ጥናት አሳይቷል። የእርሾን ዘረመሎች ንባብ ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ የለካው ይህ ጥናት፣ ግሉኮስ እያለቀ ሲሄድ የ710 ገደማ ዘረመሎች ንባብ ቢያንስ በእጥፍ እንደሚጨምር፣ የ1,030 ገደማ ዘረመሎች ንባብ ደግሞ ቢያንስ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳየ። ስኳር መቀየር ለእርሾ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ዘረመሉን የሚነካ ጉዳይ ነው።

የስኳር በሮች፣ ሱክሮስና ማልቶስ

ግሉኮስ ራሱም ቢሆን በአንድ በር ብቻ አይገባም። ኤችኤክስቲ በሚል ስም የሚጠሩ ብዙ አስገቢ ፕሮቲኖች አሉ። አንዳንዶቹ ስኳሩ ሲበዛ የሚሻሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ስኳሩ ሲመናመን ጥቂቷን ለቅመው የሚያስገቡ ናቸው። የትኞቹ እንደሚሠሩ የሚወስኑት በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉ ስኒፍ-3 እና አርጂቲ-2 የተባሉ ጠቋሚዎች ናቸው። ሁለቱም አስገቢ ፕሮቲኖችን ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ስኳር ማስገባት ሳይሆን ስለ ስኳሩ መኖር ወደ ውስጥ ምልክት መላክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ሥራ እንዳሳየው፣ እርሾ ግሉኮስንና መሰሎቹን ጨርሶ እንዳያስገባ ለማድረግ ቢያንስ 20 የአስገቢ ዘረመሎችን አንድ ላይ ማስወገድ ያስፈልጋል።

ሱክሮስ፣ ማለትም የተለመደው የገበታ ስኳር፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተያያዙበት ነው። እርሾ በዋናነት የሚሰብረው ከሕዋሱ ውጭ ነው። ሱክ-2 ከተባለው ዘረመል ሁለት ዓይነት ቅጂ ይወጣል። አጭሩ ሁልጊዜ በጥቂቱ ይነበብና በሕዋሱ ውስጥ የሚቀር ኢንቨርቴዝ፣ ማለትም ሱክሮስ ሰባሪ ኢንዛይም፣ ይሠራል። ረጅሙ የሚነበበው የግሉኮስ እገዳ ሲነሣ ነው፤ ከእርሱ የሚሠራው ኢንቨርቴዝም ወደ ውጭ ይላካል። ኢንዛይሙ ውጭ በመሆኑ የተሰበረው ስኳር በአብዛኛው ለሠራው ሕዋስ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንደገመተው፣ ሠሪው ሕዋስ የሚያስቀረው 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን ቀሪው ለጎረቤት ይተርፋል። ስለዚህ ኢንቨርቴዝ ሳይሠሩ በሌሎች ድካም የሚኖሩ እርሾዎችም ከሠሪዎቹ ጋር ተቀላቅለው መቀጠል ይችላሉ።

የማልቶስ ዘረመሎች በሦስት በሦስት ተቧድነው የሚገኙ ናቸው፤ አንዱ አስገቢ፣ አንዱ ሰባሪ ኢንዛይም፣ አንዱ አንቂ። ቡድኖቹ በክሮሞሶሞች ጫፍ አካባቢ ስለሚቀመጡና ያ አካባቢ በቀላሉ ስለሚባዛና ስለሚጠፋ፣ ያሏቸው ቡድኖች ብዛት ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ይህም በተግባር ይታያል። ስኳር ባልተጨመረበት ሊጥ ውስጥ ዋናው ስኳር ከስታርች የሚወጣው ማልቶስ ነው። በዱቄቱ ውስጥ የነበረው ጥቂት ግሉኮስና ሱክሮስ ሲያልቅ የማልቶስ ዘረመሎቹን ለማስነሣት የሚዘገይ እርሾ የጋዝ ምርቱ ይቋረጥና ሊጡ ለጊዜው መንፋት ያቆማል። የዳቦ እርሾ አምራቾች ይህ ቆይታ አጭር የሆነበትን ዝርያ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

በወይን ጠጅም እንዲሁ ነው። በወይን ጭማቂ ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ በተቀራራቢ መጠን ይገኛሉ፤ እርሾ ግን ግሉኮስን ስለሚያስቀድም ማብላላቱ መሐል ላይ ቢቆም የሚቀረው ስኳር በአብዛኛው ፍሩክቶስ ነው። «እርሾው ስኳሩን ጨርሶታል» የሚለው አነጋገር የቱን ስኳርና በየትኛው ዝርያ ተብሎ ካልተጠየቀ ብዙ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ መሆኑ ምን ይጠቅመዋል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግረው ጥያቄ ይህ ነው። ግሉኮስ ሲበዛ እርሾ ሌሎች ስኳሮችን ከመተው አልፎ፣ ኦክስጅን እያለለት እንኳ ግሉኮሱን በአብዛኛው ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ይህ ባሕርይ ክራብትሪ ኢፌክት ይባላል፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1929 በዕጢ ሕብረ ሕዋስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ካስተዋለው ከኸርበርት ክራብትሪ የመጣ ነው። ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በማብላላት የሚገኘው ትርፍ 2 ኤቲፒ ብቻ ሲሆን፣ በሚቶኮንድሪያ (በኦክስጅን ኃይል በሚያመነጨው የሕዋሱ ክፍል) በኩል ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል ግን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይገኝ ነበር። ታዲያ ለምን ያባክናል?

አንደኛው ማብራሪያ ውድድርን ይጠቅሳል። አልኮል ለብዙ ተፎካካሪ ጥቃቅን ሕዋሳት መርዝ ነው፤ እርሾ ስኳሩን ቶሎ ጠራርጎ አልኮል ያደርገዋል፤ ሌሎቹ ሲዳከሙ ያንኑ አልኮል መልሶ ይመገበዋል። አልኮሉን መልሶ ለመብላት የሚያገለግለው ኤዲኤች-2 የተባለው ዘረመል ግሉኮስ እያለ መታገዱ ከዚህ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች የኤዲኤች-1ንና የኤዲኤች-2ን ጥንታዊ ቅድመ አያት ኢንዛይም ገምተው ዳግም ሠርተውት ነበር። ባሕርይው አልኮል ከሚሠራው ከኤዲኤች-1 ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም አልኮልን አከማችቶ የመብላቱ ስልት በኋላ የመጣ መሆኑን ይጠቁማል።

ሁለተኛው ማብራሪያ ስለ ወጪ ነው። የሚቶኮንድሪያ ማሽኖች ብዙ ፕሮቲን ይጠይቃሉ፤ የማብላላት ኢንዛይሞች ግን በተመሳሳይ የፕሮቲን መጠን ኃይልን በፍጥነት ያስገኛሉ። ስኳር በተትረፈረፈበት ቦታ የሚያጥረው ስኳሩ ሳይሆን ሕዋሱ ፕሮቲን የመሥራት አቅሙ ስለሆነ፣ ስኳር እያባከኑ በፍጥነት መባዛት ያዋጣል ይላሉ የዚህ አመለካከት ደጋፊዎች። የጋላክቶስ ዘረመሎች መታገድም በዚሁ ይተረጎማል፤ የማያስፈልግ ኢንዛይም መሥራት እድገትን ያዘገያል።

ሁለቱ አመለካከቶች ብዙ ጊዜ እንደ ተቃራኒ ቢቀርቡም የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ይመስላል። የወጪው ማብራሪያ ሕዋሱ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ለምን ማብላላቱ እንደሚያዋጣው በቁጥር ማስረዳት ይችላል። የውድድሩ ማብራሪያ ደግሞ ባሕርይው በዝርያው ታሪክ ውስጥ ለምን እንደጸና ይናገራል። ሆኖም የውድድሩን ማብራሪያ በጋል-3 ታሪክ ካየነው የሙሉ ዘረመል እጥፍታ ጋር ብቻ ማያያዝ ያስቸግራል፤ ከእጥፍታው በፊት በተለዩ አንዳንድ የእርሾ ዘመዶችም ኦክስጅን እያለ ማብላላት ይታያልና።

በብልቃጡ ውስጥ የታየው የመሐል ቆይታም አከራካሪ ነው። ለረጅም ጊዜ ቆይታው አዲስ ኢንዛይም ለመሥራት የሚያስፈልግ፣ የማይቀር ጊዜ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሥራ ግን ከተለያዩ የተፈጥሮ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ግሉኮሱ ከማለቁ ሰዓታት በፊት የጋላክቶስ ዘረመሎቻቸውን እንደሚያስነሡ አሳይቷል። እነዚህ ዝርያዎች በግሉኮስ ላይ ሳሉ ዝግ ብለው ያድጋሉ፤ ሲቀይሩ ግን ብዙም አይቆዩም። ስለዚህ የቆይታው ርዝመት በዘር የሚተላለፍና ከአካባቢው ጋር የሚስማማ ምርጫ ነው ማለት ይቻላል። ቀደም ሲል ጋላክቶስ የበላ ሕዋስ ዘሮችም በግሉኮስ ላይ ጥቂት ትውልድ ካሳለፉ በኋላ እንኳ ከሌሎቹ ፈጥነው ወደ ጋላክቶስ ይመለሳሉ፤ ከእናት ሕዋስ የወረሱት የጋል-1 ፕሮቲን ለዚህ አስተዋጽኦ እንዳለው ታውቋል።

ከእርሾ ወደ ሰው፦ የሚያስኬደውና የማያስኬደው ንጽጽር

የእርሾ ጥናት በሕክምና ውይይቶች ላይ ሲጠቀስ ንጽጽሩ አንዳንዴ ከልኩ ያልፋል። በጽኑ መሠረት ላይ የቆመው ንጽጽር የጋል-7 ነው። ጋል-7 የሌለው እርሾ ጋላክቶስ ሲሰጠው ስኳሩን ከመተው ይልቅ ይጎዳበታል፤ ምክንያቱም ጋል-1 የመጀመሪያውን እርምጃ ከሠራ በኋላ ጋላክቶስ-1-ፎስፌት የተባለው መካከለኛ ውጤት መውጫ አጥቶ ይከማቻል። ጋል-1ም አብሮ ቢወገድ እርሾው ከጉዳቱ ይድናል። የጋል-7 አቻ የሆነው ኢንዛይም በሰው ላይ ሲጎድል ጋላክቶሴሚያ የተባለ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ይመጣል። በዚህ በሽታ የተወለዱ ሕፃናት ወተት ውስጥ ያለው ጋላክቶስ ጉበታቸውን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ቶሎ ከምግባቸው መውጣት አለበት። የሰው ዘረመል ጋል-7 በሌለው እርሾ ውስጥ ሲገባ የጎደለውን ሥራ መሥራቱ፣ የሕመምተኞችን ልዩ ልዩ ሚውቴሽኖች በእርሾ ላይ ለመፈተሽ አስችሏል።

ስኒፍ-1ም በሰው ሕዋስ ውስጥ ኤኤምፒኬ የተባለ የቅርብ ዘመድ አለው፤ የኃይል እጥረት ሲኖር የሚነቃና ሕዋሱን ከማከማቸት ወደ ማቃጠል የሚያዞር ነው። ዝምድናው እውነት ነው። ሚግ-1ን ያካተተው የእርሾ የምልክት መስመር ግን እንዳለ በሰው ውስጥ አይገኝም። የካንሰር ሕዋሳት ኦክስጅን እያለ ስኳር ማብላላታቸውም ከክራብትሪ ኢፌክት ጋር ይመሳሰላል፤ በካንሰሩ የሚመረተው ግን ላክቲክ አሲድ እንጂ አልኮል አይደለም፤ ቁጥጥሩም በሌሎች ዘረመሎች ነው። ስለ እርሾ የተገኘን ውጤት ይዞ ለሕመምተኛ የአመጋገብ ምክር መስጠት ስለዚህ መሠረት የለውም።

ዛይሎስ፦ ዘረመል መጨመር የት ላይ ይቆማል?

ወደ መነሻችን፣ ከገለባና ከእንጨት ነዳጅ ስለማምረት ወደሚነገረው እንመለስ። በእነዚህ ተረፈ ምርቶች ውስጥ ከግሉኮስ ቀጥሎ በብዛት ከሚገኙት ስኳሮች ዋናው ባለ አምስት ካርቦኑ ዛይሎስ ነው። ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ በተፈጥሮው ዛይሎስን አያብላላም። ዛይሎስን መለወጥ የሚችሉ ኢንዛይሞች ዘረመል ጨርሶ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ያሉት ደካሞች ስለሆኑ እድገትን መደገፍ አይችሉም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ሁለት ኢንዛይሞችን ዛይሎስ ከሚበላ ሌላ እርሾ ማምጣት ነበር። ኢንዛይሞቹ ሠሩ፤ ግን አንደኛው የሚፈልገው የኤሌክትሮን ተሸካሚና ሁለተኛው የሚፈልገው ስለሚለያዩ የሕዋሱ ሒሳብ ተዛባ፤ ስኳሩም ወደ አልኮል መሄድ ሲገባው መንገድ ላይ ዛይሊቶል የተባለ ሌላ ውሕድ ሆኖ ይቀር ጀመር። በሁለተኛው ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ እንዲህ ያለ ተሸካሚ የማያስፈልገው ዛይሎስ አይሶሜሬዝ የተባለ ኢንዛይም ከአንድ በእንስሳት ሆድ ዕቃ ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ተወሰደ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ኢንዛይሙ ከገባ በኋላም እርሾው በዛይሎስ ላይ በደንብ ያደገው ሌሎች ዘረመሎች ከተጠናከሩና ሕዋሳቱ ለብዙ ትውልድ በዛይሎስ ላይ እየተመረጡ ከተባዙ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው እንቅፋት ከኢንዛይም ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ዛይሎስ የራሱ በር ስለሌለው በግሉኮስ በሮች በኩል ይገባል፤ ሁለቱ ስኳሮች አንድ ላይ ሲቀርቡ በሩን የሚይዘው ግሉኮስ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዲያብላላ ቢፈልግም፣ እርሾው እንደ ብልቃጡ ሙከራ ተራ በተራ ያደርገዋል፤ የዛይሎሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ አልኮሉ ስለበዛ ሕዋሳቱ ደክመዋል። ሕዋሱ ዛይሎስን እንደ ግሉኮስ ያለ ጥሩ ስኳር አድርጎ አለመቁጠሩም ተጨማሪ ችግር ነው፤ ስኳር በአጠገቡ ሞልቶ ሳለ የምልክት መስመሮቹ ከረሃብ ጊዜ ጋር የሚቀራረብ ሁኔታ ያሳያሉ።

ለበሩ ችግር የተገኘው አንድ መፍትሔ ብልሃት የተሞላበት ነው። ተመራማሪዎች ግሉኮስን ወደ መፍጫ መስመሩ የሚያስገቡትን ኢንዛይሞች ያስወገዱበት እርሾ አዘጋጁ፤ ይህ እርሾ ግሉኮስ ቢገባለትም ሊጠቀምበት አይችልም፤ የሚያድገው በዛይሎስ ብቻ ነው። ከዚያ ግሉኮስና ዛይሎስ አቀላቅለው ሰጡት። በዚህ ሁኔታ ማደግ የሚችለው አስገቢ ፕሮቲኑ ግሉኮስን ንቆ ዛይሎስን የሚያስገባለት ሕዋስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ መንገድ ከተገኙት አንዱ፣ ቀደም ሲል ያየነው የጋላክቶስ በር ጋል-2 ሆኖ፣ 376ኛው ቦታ ላይ ያለ አንድ አሚኖ አሲድ የተለወጠበት ነበር። ከ500 በላይ አሚኖ አሲዶች ካሉት ፕሮቲን አንዱ ብቻ ተቀይሮ በሩ ግሉኮስን መቀበል አቆመ፤ ዛይሎስን ግን ማስገባቱን ቀጠለ።

ስለ አዲስ እርሾ የሚወጣ ዜናን ለመመዘን ከዚህ የሚመነጩ ጥያቄዎች አሉ። እርሾው ዛይሎስ ይበላል ሲባል ብቻውን ሲቀርብለት ነው ወይስ ግሉኮስ ባለበት? ስኳሩን ወደ ምን ለወጠው፤ ከአንድ ግራም ስኳር ስንት ግራም አልኮል ተገኘ? ከግሉኮስ ሊገኝ የሚችለው ጣሪያ በክብደት 51 በመቶ ሲሆን ዛይሎስም ላይ ጣሪያው ተመሳሳይ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ በንጹሕ ስኳር የተገኘ ውጤት ከገለባ መፍጫ በወጣ፣ አሴቲክ አሲድና ሌሎች ጎጂ ነገሮች ባሉበት ፈሳሽ ላይ ይደገማል ወይ የሚለውም መጠየቅ አለበት። የተነገረው ውጤት ለእነዚህ መልስ ካልያዘ፣ ዘረመሉ ገብቷል ከማለት ያለፈ ነገር ገና አልተነገረም ማለት ነው።